ኢቲ-ቲ-18ን ቀለም መቀባት

አያቴ «በሃምሳ ዓመተ ምሕረት ነው» አሉኝ። እኔ «1950» ብዬ ጻፍኩ። በዚህች ምክንያት በአካል አይቼው የማላውቅ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የሦስት ቅዳሜ ሥራው ገደል ገባ።

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። በሙያችን «ኦፍ ባይ ዋን» የሚባል የታወቀ ስህተት አለ፤ ቆጠራውን አንድ ቦታ ቀድመህ ወይም ዘግይተህ ትጀምርና ሁሉም ነገር በአንድ ይዛነፋል። የኔው በስምንት የተዛነፈ ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ከነሱ እንደሚለይ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቀን የሚቀይር ኮድ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። አያቴ ሲያወሩ ግን ዓመቱን እንደ ቁጥር አልሰማሁትም። እንደ ቦታ ስም ነው የሰማሁት። «ሃምሳ» ማለት እሳቸው ወጣት ሆነው ጅማ የነበሩበት ጊዜ ነው፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ፍላይት ሲሙሌተር እጫወታለሁ። «እጫወታለሁ» ሲባል ቅር የሚላቸው አሉ፤ «እበራለሁ» በል ይሉኛል። እኔ ያለችኝ ላፕቶፕ አሮጌ ናት፤ ስለዚህ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2003 የራይት ወንድማማቾችን መቶኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ባወጣው አሮጌ ሲሙሌተር ላይ ቀርቻለሁ። እዛ ውስጥ ካሉት ታሪካዊ አውሮፕላኖች አንዱ ዳግላስ ዲሲ-3 ነው። ሁለት ፕሮፔለር ያለው፣ ጭራው መሬት ላይ ተቀምጦ አፍንጫው ወደ ሰማይ የሚያይ፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 የበረረ። የጦርነቱ ጊዜ ወንድሙ ሲ-47 ይባላል። እነዚህ ወንድማማቾች አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ10,000 በላይ ተሠርተዋል።

ሲሙሌተሩ አውሮፕላኑን ይሰጥሃል፤ ልብሱን ግን እሱ የመረጠውን ነው። የአገርህን አየር መንገድ ቀለም ከፈለግህ ወይ ራስህ ትቀባዋለህ ወይ የሚቀባልህ ሰው ትለምናለህ። ይሄ ነው ሪፔይንት የሚባለው። በዓለም ዙሪያ ማታ ማታ ቁጭ ብለው የጠፉ አየር መንገዶችን የአሮጌ አውሮፕላን ቀለም በነፃ የሚቀቡ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ክፍያ የለም። ያለው ሥርዓት ነው፦ የትኛው ሞዴል፣ የትኛው ዓመት፣ የትኛው የምዝገባ ምልክት፣ የግራና የቀኝ ጎን ፎቶ። «እባካችሁ የኢትዮጵያን ቀለም አድርጉልኝ» ብሎ መጻፍ «እባክህ አፕ ሥራልኝ» ከሚል ደንበኛ ጋር አንድ ነው። እኔ ይሄን ዓይነት ደንበኛ ስንት ቀን ረግሜያለሁ፤ የጻፍኩት ግን ልክ እሱን ነው፦ «ዲሲ-3፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ 1950፣ አመሰግናለሁ።»

ለአያቴ ነበር የፈለግኩት። አያቴ የሚኖሩት ደካ ነው፤ በካፋ ዞን፣ ጌሻ ወረዳ። በወጣትነታቸው ጅማ ወርደው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነው ሠርተዋል። መኪና ከማይደርስባቸው ሜዳዎች የመጣ ቡናና ቆዳ ያወርዱ ነበር። ልጅ ሆኜ ይሄን ሲያወሩ ተረት ይመስለኝ ነበር። ደካ ውስጥ ተቀምጦ ስለ አውሮፕላን ማውራት ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። ክረምት ሲገባ መኪናው ራሱ በጭቃው አልፎ መድረሱ እግዚአብሔር ሲፈቅድ ነው።

ተረት ግን አልነበረም። ታሪኩን መፈተሽ ስጀምር ካፋ የሚገባው ዳር ላይ ሳይሆን መጀመሪያው ላይ ሆኖ አገኘሁት።

አየር መንገዱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1945 ነው፤ ጣልያን ከወጣ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአሜሪካኑ ቲደብሊውኤ ጋር ተዋውለው ነው ያቋቋሙት፤ ሥራ አስኪያጁም፣ አብራሪውም፣ መካኒኩም አሜሪካዊ ነበር። መነሻው ከጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ናቸው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946) የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። ይሄንን ሁሉም ያውቀዋል፣ በየዓመቱ ይነገራል። ብዙም የማይነገረው ቀጥሎ የመጣው ነው። ወደ ጅቡቲና ወደ ኤደን መብረር ሲጀመር፣ አብሮ የተጀመረው የአገር ውስጥ መስመር ወደ ጅማ ነው።

ጅማ ያኔ ማን ነበረች? የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ። ዛሬ ካፋ ስንል ቦንጋን ነው የምናስበው፤ ቦንጋም ከ2014 ዓ.ም ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። በዛ ዘመን ወረቀት ላይ ግን «ካፋ» የሚለው ስም የሚያርፈው ጅማ ላይ ነው። ከጌሻ የተነሳ ሰው መንግሥት ቤት ጉዳይ ቢኖረው፣ ቡናውን ደህና ዋጋ ልሽጥ ቢል፣ የቀን ሥራ ቢፈልግ መጨረሻው ጅማ ነበር። አያቴም የሄዱት ለዚህ ነው።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ውስጣቸው ወታደር ቤት እንደነበሩ ነው የቀረው። መንገደኛው በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር ባሉ ታጣፊ አግዳሚዎች ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፤ መሀል ወለሉ ላይ ጭነቱ በገመድ ይታሰራል። አያቴ «ሰውና ጆንያ ፊት ለፊት ይተያያል» ሲሉ አጋነኑ ብዬ ስቄ ነበር። ሳነበው አፈርኩ።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ሰውዬው ጥያቄዬን አልናቀም። «1950» የሚለውን አምኖ፣ ያለውን መጽሐፍ አገላብጦ፣ ከዛ ዓመት ጋር የሚሄድ መልክ መሥራት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት «አያትህ በስንት ዓመታቸው ነበር ጅማ የሠሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። ደግነቱ ነው፤ ጽሑፉ ላይ ሊያስገባው ፈልጎ። ስደምር አያቴ የአሥር ዓመት ልጅ ሆነው ኩንታል ተሸክመዋል። ያኔ ነው ጭንቅላቴን የያዝኩት። የአያቴ ሃምሳ የፈረንጅ 1957 መጨረሻና 1958 ነው። ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩለት። የመለሰልኝ ስድብ አይደለም፣ የጥያቄ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ሳየው ከስድብ ይከብድ ነበር።

አንደኛ፦ ዲሲ-3 ነው ወይስ ሲ-47? ሲሙሌተሩ የሚሰጠው የመንገደኛውን ነው፤ የናንተዎቹ የጭነት ነበሩ። ሁለተኛ፦ የምዝገባ ምልክቱ? ሦስተኛ፦ የላይኛው ግማሽ ነጭ ነው ወይስ እራቁት ብረት? አራተኛ፦ በአማርኛ የተጻፈው ምን ይላል፣ በምን ዓይነት ፊደል? አምስተኛ፦ አንበሳው በቀኝ ጎን ወዴት ነው የሚያየው?

አንዱንም አላውቅም። ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። ስለ አየር መንገዳችን ታሪክ ጠይቁኝ ብትሉኝ ግማሽ ሰዓት ማውራት እችላለሁ፦ «የአፍሪካ ኩራት»፣ የመጀመሪያው ጄት፣ ቦይንግ፣ ምናምን። አንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ዓመት፣ በቀኝ ጎኑ ምን ይመስል እንደነበር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር የለኝም። ቀለም ደግሞ «በአጠቃላይ» አይቀባም። ብሩሹ አንድ ቦታ ላይ ማረፍ አለበት።

ፎቶ ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት ሁሉ ማለት ይቻላል ያነሳው የውጭ ሰው ነው፤ እዚህ የሠራ አሜሪካዊ፣ የበረራ አፍቃሪ ቱሪስት፣ ካይሮ ወይ አቴንስ ላይ አጥር ሥር ቆሞ አውሮፕላን የሚጠብቅ ወጣት። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚበሩት ፎቶ አላቸው። ሁለቱ ኮንቬር 240ዎች፣ በኋላ ዲሲ-6ቢዎቹ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የገቡት ቦይንግ 720ቢዎች። የነሱን ሪፔይንት ብፈልግ ኖሮ በሁለት ቀን ያልቅ ነበር። 720ው ለነገሩ የራሱ ታሪክ አለው፦ የልደታ ሜዳ ለጄት ስለማይሆን ነው ቦሌ የተሠራው። ዛሬ ታክሲ ላይ «ኦልድ ኤርፖርት!» እያለ የሚጠራው ረዳት የሚያወራው ስለዚያ ስለ ተተወው ሜዳ ነው። ጅማ ላይ ቆሞ የቡና ጆንያ የሚያወርደውን ሲ-47 ግን ማን ፎቶ ያነሳዋል? ካሜራ ያለው ሰው እዛ ምን ይሠራል?

ያም ሆኖ መፍታት የሚቻለው ተፈታ። ከቀላሉ ልጀምር፤ የእንግሊዝኛው ስም። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ሲቀየር ስሙም ተስተካክሏል፤ ከዛ በፊት «ኢትዮጵያን ኤር ላይንስ» ተብሎ በሦስት ቃል ነው የሚጻፈው፣ ከዛ በኋላ «ኤርላይንስ» ተጋጥሞ አንድ ሆነ። በአንዲት ባዶ ቦታ አውሮፕላኑን ዘመን ልታስረዝመው ወይም ልታሳጥረው ትችላለህ። እኔ በሥራዬ በአንዲት ስፔስ ምክንያት ሰርቨር ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ይሄኛው ግን ደስ አለኝ።

የላይኛውን ቀለም አያቴን ጠየቅኩ። በስልክ። ደካ ላይ ኔትወርክ ሲኖር ማለት ነው።

«አባባ፣ አውሮፕላኑ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?»

«ቀለም? እንደ መስታወት ነው እንጂ ምን ቀለም አለው። ፀሐይ ሲመታው ዓይን ያጠፋል። ጀርባው ላይ አላውቅም፣ እኔ ከሥር ነው የማየው።»

ይሄን ቃል በቃል ተርጉሜ ላክሁለት። ሰውዬው ወደደው። በዛን ዘመን አሉሚኒየሙን እራቁቱን አወልውሎ መተው የተለመደ ነው፤ ቀለም ክብደት አለው፣ ክብደት ደግሞ ጭነት ይቀንሳል። ጣሪያውን ነጭ መቀባትም ሞቃት አገር ላይ የተለመደ ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ ውስጡ እንዳይቀቀል። «ከሥር ያየ ምስክር ስለ ጣሪያ አይመሰክርም» ብሎ ጻፈልኝና ጣሪያውን በራሱ ፍርድ ነጭ አደረገው። እንዲህ ያለ ምስክር የሚመዝን ሰው ፍርድ ቤቶቻችን ቢኖራቸው አልኩ።

ብረት እንዲያንጸባርቅ ማድረግ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ምስሉ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ሌላ አልፋ የሚባል አራተኛ ንብርብር አለው፤ ሲሙሌተሩ የቱ ጋ ምን ያህል እንደሚያብረቀርቅ የሚያነበው ከዛ ላይ ነው። ሰውዬው ያወለወለው ያን ነው፤ በአይጥ። ሙሉ ቅዳሜ ፈጀበት።

የአማርኛው ጽሑፍ የኔ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ የላከልኝ ናሙና ላይ «የኢትዮጵያ አየር መንገድ» በሚለው ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ፎንት የለውም። ፎንቱን ሲጭን ደግሞ ኒያላ ሆነ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ የመጣ ፎንት ነው። በ1958 አውሮፕላን ላይ ኒያላ ማየት አፄ ኃይለ ሥላሴን በስማርት ሰዓት እንደ ማየት ነው፤ ሌላው ሰው ላያስተውለው ይችላል፣ እኔን ግን አላስቀመጠኝም። የዘመኑን ቴምብሮች እያየሁ፣ ወፍራምና ቀጭኑን እየለየሁ በእጄ ጻፍኩት፤ ስካን አድርጌ ላክሁ። በአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች ላይ ግራና ቀኝ ጎን አንድ ምስል ይጋራሉ፤ ያኔ በአንዱ ጎን ጽሑፉ ተገልብጦ ከመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ይሆናል። ላቲን ሲገለበጥ ፈረንጁ ወዲያው ያየዋል። ግዕዝ ሲገለበጥ ግን ለሱ ያው ጌጥ ነው። የኢትዮጵያ አውሮፕላን ሪፔይንቶች ላይ የተገለበጠ «መንገድ» አይቼ አውቃለሁ፤ ማንም አላረመውም፣ ምክንያቱም ማንም ማንበብ የሚችል ሰው አልጠየቀም።

በዚያ ላይ መጠኑ። አንድ የምስል ገጽ 1024 በ1024 ፒክስል ነው። አውሮፕላኑ 19 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ሙሉውን በአንድ ገጽ ካሰፈርከው አንድ ፒክስል ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ይወክላል ማለት ነው። የ30 ሳንቲሜትር ፊደል 15 ፒክስል ይደርሰዋል። በ15 ፒክስል «ጵ»ን ከ«ጲ» ለይተህ ሳል እስቲ። ሁለት ማታ ፈጀሁበት። ማንም አያየውም፣ አውቃለሁ።

ከዛ አንበሳው። በንጉሡ ዘመን አውሮፕላኖቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ይሳል ነበር፤ ዘውድ የጫነ፣ ሰንደቅ የያዘ። አንበሳው አብዛኛውን ጊዜ ሲሳል ወደ ግራ ነው የሚራመደው። በአውሮፕላኑ ግራ ጎን ላይ ችግር የለም፤ ግራ ማለት ወደ አፍንጫው ነው። በቀኝ ጎን ግን እንዳለ ከለጠፍከው ወደ ጭራው እየሄደ ነው፤ አውሮፕላኑ ወደፊት፣ አንበሳው ወደ ኋላ። ከገለበጥከው ደግሞ ሰንደቁን የያዘበት እግር ይቀየራል። በሌላው ዓለም አውሮፕላን ላይ ባንዲራ ሲሳል ብዙ ጊዜ ነፋስ እንደሚመታው ተደርጎ ነው፤ በቀኝ ጎን ይገለበጣል። አያቴን ጠየቅኩ።

«አንበሳው? ፊቱ ወደፊት ነው እንጂ። አንበሳ የኋሊት ይሄዳል እንዴ?»

«አባባ፣ አይተውት ነው ወይስ እያሰቡት ነው?»

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥሩ ቆሜያለሁ።»

ወደፊት ሆነ።

የቀረው የምዝገባ ምልክቱ ነበር፤ የከበደኝም እሱ ነው። አያቴ ያኔ ማንበብ አይችሉም። ጭራው ላይ የተጻፈው ለሳቸው ጭረት ነበር። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ የአየር መንገዱ አውሮፕላኖች ኢቲ-ቲ ተብሎ ቁጥር የሚከተለው ምልክት ነበራቸው፤ ቦይንግ 720ዎቹ ሲመጡ ግን ኢቲ-ኤኤጂ፣ ኢቲ-ኤኤኤች ሆነዋል፤ ቁጥሩ በፊደል ተተክቷል። ስለዚህ ለ1958 አንድ «ኢቲ-ቲ» እፈልጋለሁ፤ የትኛው ግን በጅማ መስመር እንደበረረ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ እፈልጋለሁ። የአውሮፕላኖች ሕይወት፣ እንደ ብዙ ሰው ሕይወት፣ ደህና ውሎ ሲገባ አይመዘገብም። መንገዱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ተሳፋሪው በዝርዝር የሚጻፈው ሲወድቅ ነው። ፍለጋዬ የወሰደኝ ወደ አደጋዎች መዝገብ ነው።

ሐምሌ 8 ቀን 1952 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1960) ኢቲ-ቲ-18 የተባለው ሲ-47 ከቡልቂ ተነስቶ ወደ ጅማ ሲበር ከጅማ በስተደቡብ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተራራ መታ። ውስጡ 11 ሰው ነበር። የሞተው አብራሪው ብቻ ነው።

ቡልቂ ጎፋ ውስጥ ናት። ከዛ ወደ ጅማ ለመምጣት የካፋና የዳውሮ ተራሮች፣ የኦሞና የጎጀብ ሸለቆዎች አሉ። በሐምሌ እነዚህ ተራሮች የሚውሉት ጉም ለብሰው ነው፤ ደካ ያደገ ሰው ሐምሌ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ቤቱን ለቆ ሃምሳ እርምጃ የሄደ ከብት የማይታይበት ቀን አለ።

ለአያቴ ስደውል ቀኑን አልነገርኳቸውም። «አባባ፣ እርስዎ ጅማ እያሉ የወደቀ አውሮፕላን ነበር?» ብቻ አልኩ።

«ክረምት ነበር» አሉ ወዲያው። «ስንጠብቀው ዋልን። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው፣ ከተራራው ጀርባ፤ ድምፁን ስንሰማ ነው የምንነሳው። ያን ቀን ድምፁ አልመጣም። ወሬው ነው የመጣው።»

እስከዛ ድረስ ለኔ ጨዋታ ነበር። ከዛ በኋላ ሁለት ቀን ላፕቶፑን አልከፈትኩም። የሞተ ሰው የነዳውን አውሮፕላን ቁጥር አንስቶ ጨዋታ ላይ መለጠፍ ምን ማለት ነው? አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም ዴቨሎፐር ነው፣ «ቁጥር ነው እኮ፣ ስትሪንግ ነው፣ ሌላ ጻፍ» አለኝ። እውነቱን ነው። አውሮፕላኑን የሚያስተዋውቀው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ላይ ምልክቱን ትቀይራለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ አለቀ። ግን ሌላ ቁጥር ብጽፍ አያቴ ሥሩ ቆመው ይሁን አይሁን አላውቅም። ይሄኛው ጅማ ሊያርፍ ይመጣ ነበር፤ አያቴ ደግሞ እዛ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ ገና በሕይወት እያለ ቢቀባስ? ተራራውን ከመምታቱ በፊት ብዙ ቀን በርሯል እኮ፤ ያን የመዘገበለት የለም እንጂ።

ለሰውዬው ሁሉንም ጻፍኩለት፣ አደጋውንም። «ኢቲ-ቲ-18 ይሁን» ብሎ መለሰ፤ «ግን ሪድሚው ላይ አንተ ጻፍበት።» ከያንዳንዱ ሪፔይንት ጋር አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይላካል፤ ማን ቀባው፣ እንዴት ይጫናል የሚል። ብዙ ሰው አይከፍተውም። በእንግሊዝኛ አራት መስመር፣ በአማርኛ አራት መስመር ጻፍኩ፦ ቀኑን፣ መስመሩን፣ 11 ሰው እንደነበረ፣ አብራሪው እንደሞተ፣ አሥሩ እንደተረፉ። የአብራሪውን ስም የምጽፍበት መስመር ነበረኝ። ባዶውን ተውኩት።

ሌላም ያስገባሁት ነገር አለ፤ አያቴ ደጋግመው ስለሚያነሱት። አንድ ቀን የነጂዎቹን ልብስ የለበሰ ሐበሻ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ አይተው ሜዳው ላይ ያሉት ሁሉ ሥራ አቁመው ተከራከሩ ይላሉ፤ «ነጂ ነው»፣ «አይ፣ አስተርጓሚ ነው»። ጊዜው ይገጥማል። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆነው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ያውም በነዚሁ በዲሲ-3ዎቹ ዘመን። አያቴ ያዩት እሱን ነው ልል አይደለም። ክርክሩን ግን አምናለሁ። የሥራ አስኪያጅነቱ ወንበር ወደ ኢትዮጵያዊ፣ ወደ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ፣ እስኪሻገር ድረስ እስከ 1971 (እ.ኤ.አ.) ቆይቷል፤ የአብራሪው ወንበር ቀድሞ ነው የተሻገረው።

ሪፔይንቱ ሲያልቅ ለገና ደካ ወጣሁ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጅማ ቦንጋ ከ100 በላይ፣ ከዛ ወዲያ ያለውን በኪሎ ሜትር መቁጠር ዋጋ የለውም፣ በሰዓት ነው። ላፕቶፑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ።

መብራት አልነበረም፣ ባትሪው ግን ሙሉ ነው። አያቴን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ከቦሌ አስነሳሁት። ቦሌ በሃምሳ አልነበረም፤ አያቴ ይሄን አይጠይቁም ብዬ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበዛ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች እየጮሁ ማኮብኮቢያውን ሊጨርሱት ሲሉ ተነሳ። ጅማ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ በዲሲ-3 አንድ ሰዓት። የአጎቶቼ ልጆች አሥር ደቂቃ አይተው ሰለቻቸው፤ ተኩስ የለውም። አያቴ አንድ ሰዓቱን ሙሉ አልተንቀሳቀሱም። መሬቱ በዛ አሮጌ ሲሙሌተር ላይ በተደጋገሙ ሰቆች ነው የሚሠራው፤ ጊቤን አልፈን ስንሄድ ያለው ጫካ የየትም አገር ጫካ ሊሆን ይችላል። እሳቸው ግን «ይሄ ሰኮሩ ነው» አሉ። እኔም ነው አልኩ።

ጅማ አረፍን። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ካሜራውን ወደ ውጭ አወጣሁና በዙሪያው ቀስ ብዬ አዞርኩት። እራቁት ብረቱ የምሽቱን ፀሐይ ይመልሳል። ሦስቱ ቀለማት በመስኮቶቹ ሥር። በእጄ የጻፍኩት «የኢትዮጵያ አየር መንገድ»። ጭራው ላይ ኢቲ-ቲ-18። አያቴ ዓይናቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ፤ ጣታቸው አንበሳው ላይ አረፈ።

«ልክ ነው» አሉ። «ወደፊት ነው።»

ከዛ ጣታቸው ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ጭራው፣ ሰውዬው በቀጭን መስመር ወደሳላት በር። ሪፔይንት ቆዳውን ነው የሚቀይረው፣ አጥንቱን አይነካም፤ ከሥሩ ያለው ሞዴል የመንገደኛ ዲሲ-3 ነው፣ በሩም የሰው በር። ሲ-47 ግን በዛ ቦታ ላይ ትልቅ የጭነት በር አለው፣ ሁለት ሆኖ የሚከፈት። ሰውዬው የትልቁን በር ጠርዝ በቀለም ስሎታል። ሲከፈት ግን የምትከፈተው ትንሿ ናት፤ እኔም ከፍቼ ላሳያቸው ቁልፉን ተጭኛለሁ።

አያቴ ትንሿን ቀዳዳ ብዙ አዩአት።

«ታዲያ ጆንያው በየት በኩል ሊገባ ነው?» አሉኝ።